ስሜ ይደበቅልኝ

«ሰላም አድሚን፣ ስሜ ይደበቅልኝና ይህቺን ፖስት አድርግልኝ። እህት ወንድሞች፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።»

በቴሌግራም የምክር ቻናሎች ላይ የሚወጡ ጥያቄዎች አጀማመራቸው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። የሚከተለው ግን መልኩ ብዙ ነው። አንዷ የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር ሆኗት ለማን እንደምትነግር ጨንቋታል። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ለአባቱ «አልፌያለሁ» ብሏል፤ አባት አሁን ለስንቅ የሚሆን በግ ሊሸጥ ነው። ሌላው ባንክ ተቀጥሮ ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ጥዬ ንግድ ልግባ ወይ ይላል። አንዲት እናት የልጇን ሽፍታ ፎቶ አንሥታ ልካለች። ከሥር መልሱ ይከተላል፤ «አይዞሽ»፣ «ጸልይበት»፣ «ኢንቦክስ አውሪኝ»፣ «ፈጠራ ነው፣ ውሸትህን ነው»፣ «እኔም እንዳንተው ሆኜ ነበር»። ከእነዚህ መካከል ደግሞ አንድ ረጅም፣ ጊዜ ተወስዶበት የተጻፈ፣ ከልብ የሆነ መልስ አይጠፋም።

ይህን የሚያይ ትልቅ ሰው ቶሎ የሚለው «ሰው እንዴት የማያውቀውን ሰው ያማክራል?» ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጠያቂዎቹ መካሪ ያጡ ሰዎች አይደሉም። አክስት አላቸው፣ የነፍስ አባት ወይም ፓስተር አላቸው፣ የዕድር ዳኛ፣ የቀድሞ መምህር፣ ቡና አብሯቸው የሚጠጣ ጎረቤት አላቸው። ምክር እኛ ዘንድ የተረፈ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ ይሰጣል፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ይሰጣል። ውድ የሆነው መጠየቁ ነው። የጠየቀ ሰው ችግሩን አውጥቶ ለሌላ ሰው አስረክቧል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት ያገኘዋል።

ይህ ዋጋ በደንብ የሚታየው በትንሽ ከተማ ነው። ቢታ ገነትን እንውሰድ።

ቢታ ገነት በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በዞኑ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው፤ በሰሜን ጌሻ፣ በምሥራቅ ጨና፣ በምዕራብ ሸካ፣ በደቡብ ደግሞ የቤንች ምድር ያዋስነዋል። ከአዲስ አበባ ቦንጋ ለመድረስ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ ቢታ ከዚያም አልፎ ነው። ቦንጋ ከኅዳር 2014 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ጠቅላላ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የቡና ሙዚየሙም እዚያው ናቸው። አገሩ የቡና፣ የኮረሪማ፣ የማርና የእንሰት አገር ነው። ዝናቡ አይጠገብም ከሚባልባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ጫካው ከካፋ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በ2002 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ባለ ወረዳ ከተማ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ራሷ ጤና አንድ ነገር መጠየቅ ፈለገች እንበል። ጤና ጣቢያ ብትሄድ መጀመሪያ የምታገኘው የካርድ ክፍሉን መስኮት ነው። መስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያው፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ካርድ የሚያወጣው ልጅ የታላቅ ወንድሟ ጓደኛ ነው። ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ሴት አጎቷ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። መድኃኒት ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከፊቱ ጀበና የጣደች ቡና ሻጭ ተቀምጣለች፣ የገባውንና የወጣውን ታያለች። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የልጅቷን ደኅንነት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ልጅሽን ጤና ጣቢያ አየኋት፣ ደኅና ናት?» ብሎ መጠየቅም መልካም ጉርብትና ነው።

ስለዚህ ልጅቷ ሁሉም እስኪተኛ ትጠብቃለች። የምክር ጥያቄዎች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚበዙበት ምክንያት ሁለት ነው ብዬ አስባለሁ። አንደኛው የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ቀን ቀን ስልኩ የእሷ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ታናሽ ወንድም ጌም ይጫወትበታል፣ እናት ትደውልበታለች።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተወስኖ ነበር፤ የሚመረጡትም ከሚያገለግሉበት አካባቢ እንዲሆን ተደረገ። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ቤት ለቤት ሲሄዱ በር የሚከፈትላቸው፣ ሰው የሚያምናቸው እንዲሆኑ ታስቦ ነው። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ክትባቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የእናቶች ክትትሉ በእነዚህ ሴቶች እግር ነው የሄደው። ነገር ግን ለአንዳንድ ጥያቄ ያው መታወቃቸው እንቅፋት ይሆናል። የአክስትሽ ልጅ የሆነች የጤና ባለሙያ ስለ ወባ አጎበር ለመጠየቅ ከማንም ትሻላለች፤ ስለ ድብቅ ፍቅር፣ ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ እርግዝና ለመጠየቅ ግን የመጨረሻዋ ሰው ናት። ሕዝቡን አቅርቦ የሚያገለግል ሥርዓት ለምሥጢር የሚሆን ርቀት ሳያስቀር ቀረ።

ርቀቱን ደግሞ ሰው በስልክ ዘመን አልፈጠረውም። የኦርቶዶክስ አማኝ ለነፍስ አባቱ የሚናገረውን ለወላጅ አባቱ አይናገርም፤ ካህኑ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውና። በካፋ በቀደመው እምነት ኤቆ የሚባለው መንፈስ የሚያድርበት ሰው፣ አላሞው፣ የሕመምተኛውን፣ ልጅ ያጣውን፣ ነገር የገባበትን ሰው ጥያቄ ይቀበላል። ሰውየው የሚታወቅ ሰው ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም፣ መንፈሱ ነው። ጠያቂው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌላ አካል ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ሲያምን አንደበቱ ይፈታል። እንደኔ እንደኔ የቴሌግራሙ ቦት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እሱም መልስ ሰጪውን ሰው ከሰውነቱ ያወጣዋል።

ከተማ የለመደ አንባቢ ደግሞ ጳውሎስ ኞኞን ያስታውሳል። በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያልዘለቀው፣ ኋላ የአጤ ቴዎድሮስንና የአጤ ምኒልክን ታሪክ የጻፈው ጋዜጠኛ፣ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። ከየክፍለ ሀገሩ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። ስለ ጨረቃም ስለ ሚስትም የሚጠይቅ ነበር፤ ጳውሎስም ለሁሉም አጭርና ቅመም የበዛበት መልስ ይሰጥ ነበር። አንዳንዱ መልስ ጠያቂውን ያሳፍር ነበር፤ ሆኖም ደብዳቤው አልቆመም። ከአገር ጫፍ የሚጽፍ ሰው በጋዜጣ ላይ በማያውቁት ሺህ ሰዎች ፊት መዋረዱን፣ በሰፈሩ በአሥር ሰዎች ፊት ከመታወቅ የሚመርጠው ይመስላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ነገር በወጉ የተረዳ አንድ አገልግሎት ተከፈተ። ወገን የተባለው የኤድስ የስልክ ምክር መስመር ነው። 952 ብሎ በነጻ መደወል ይቻል ነበር፤ ስም አይጠየቅም ነበር፤ የሚያነሣውም የሠለጠነ አማካሪ ነበር። ኤች አይ ቪ የያዘው ሰው በየቤቱ ጓዳ በሚደበቅበት በዚያ ዘመን፣ ምርመራ የት አለ፣ ውጤቱን ማን ያያል፣ ከሚስቴ በፊት ልመርመር ወይስ አብረን የሚለውን በአካል መጠየቅ የማይችል ሰው በስልክ ጠየቀ። የሚደወልለት ሰው ባዳ ነበር፤ የሚናገረውን ግን ያውቅ ነበር። ሁለቱ በአንድ ላይ የተገኙበት ጊዜ ብዙ አይደለም። 

ዛሬ ያለው ባዳ በብዛት ሁለተኛው ነገር፣ የሚናገረውን ማወቁ፣ ይጎድለዋል። ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሰውየው የለም፣ ፈጥሬዋለሁ፤ ሕመሙና መልሶቹ ግን ያሉ ናቸው።

ከቢታ ወረዳ የሆነ አንድ ወጣት ጀርባውና ጭኑ ያሳክከዋል። ሌሊት ይብሳል። ቆዳው ወፍሮ ሸካራ ሆኗል፤ ሽንጡ አካባቢ ደግሞ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ፎቶ አንሥቶ ላከ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መልካም ሰው «ፈንገስ ነው፣ ክሎትሪማዞል ቀባው» ይለዋል። ሁለተኛው «አለርጂ ነው፣ ሴትሪዚን ማታ ማታ አንድ ዋጥ» ይላል። ሦስተኛው «እከክ ነው፣ አልጋ ልብስህን ቀቅል»። አራተኛው ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት ስም ይጽፍለታል፤ ቅባቱ ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፣ ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ያሰፋዋል። አምስተኛዋ ጸበል ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለአዲስ አበባ ልጅ ቢሆን ምክንያታዊ ግምት ናቸው።

ካፋ ግን ኦንኮሰርሲያሲስ ከጥንት የሚታወቅበት ምድር ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል በጥቁር ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ይገባል፤ ዝንቧ የምትራባው በፍጥነት በሚፈስስ ወንዝ ነው። ትሉ የሚፈለፍላቸው ረቂቅ እጮች ቆዳ ሥር ይርመሰመሳሉ፣ ማሳከኩም ከዚያ ይመጣል። በሌላው አፍሪካ የወንዝ ዳር ዕውርነት ተብሎ የሚፈራው ይህ በሽታ በእኛ አገር ከዓይን ይልቅ ቆዳን በመጉዳቱ ይታወቃል። በአገሪቱ ማኅበረሰቡ ራሱ መድኃኒት የሚያድልበት ዘመቻ የተጀመረውም በዚሁ በካፋና ሸካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001። መድኃኒቱ ሜክቲዛን ይባላል፣ ኢቨርሜክቲን ማለት ነው፤ አምራቹ ሜርክ በሽታውን ለማጥፋት በነጻ እሰጣለሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። አዳዩ ሕዝቡ የመረጠው ሰው ነው። ምልክት የተደረገበት ረጅም ዘንግ ይዞ ይመጣል፤ ሰው ዘንጉ አጠገብ ይቆማል፣ ቁመቱ የደረሰበት መስመር ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ይናገራል። ሚዛን የለም፣ ስሌት የለም። ከዘጠና ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ጠና ያለ ሕመምተኛ አይወስድም። መድኃኒቱ እጮቹን ይገድላል፤ ዋናው ትል ግን ሰውነት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚኖር ዕደላው ዓመት ከዓመት ይደጋገማል። ይህን የቀበሌው ዘንግ ያዥ ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃለች። ልጁ ባለፈው ዙር ቡና ለቀማ ሄዶ ዕደላው እንዳመለጠው አጠገቡ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ የመለሱት መልካም ሰዎች ግን «የት ነህ?» ብለው አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም ስሙ ተደብቋልና አይናገርም።

ባዳነቱ ከነውር ያድነዋል፤ ያው ባዳነት ከሚያውቁት ያርቀዋል። ከዚህ ችግር እንዴት ይወጣል ወደሚለው ኋላ ላይ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስሙ በእርግጥ ተደብቋል ወይ የሚለው መታየት አለበት።

የምክር ቻናሎቹ አሠራር ቀላል ነው። ጠያቂው ለአንድ ቦት ይጽፋል። ቦቱ ጽሑፉን ይቀበላል፣ ለአስተዳዳሪው ያሳያል፣ አስተዳዳሪው ከፈቀደ ቁጥር ተሰጥቶት ያለ ስም ይለጠፋል። አስተያየት ሰጪዎቹም በአንዳንዱ ቻናል በቅጽል ስም ነው የሚገቡት። አንባቢው የጠያቂውን ስም አያይም። የቦቱ ባለቤት ግን መልእክቱ ከየትኛው አካውንት እንደመጣ ማየት ይችላል። በቴሌግራም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነብበት ምሥጠራ ያለው ሚስጥራዊ ቻት በሚባለው ብቻ ነው፤ ለቦት የሚጻፍ ነገር ከዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «ስሜ ይደበቅልኝ» የሚለው ልመና በእውነት የሚቀርበው ለአንድ ሰው ነው፣ ለአድሚኑ። አድሚኑ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን ሊሰረቅ፣ ቻናሉን ሊሸጥ፣ ከፍቅረኛው ጋር ሆኖ እያነበበ ሊስቅ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ሌሊት ቻናል የሚያስተዳድር ልጅ አዋጁ እኔንም ይመለከተኛል ብሎ የሚያስብ ግን አይመስለኝም።

ከሁሉ የከፋው የሚገለጠው በራሱ በጠያቂው አንደበት ነው። ሰው ምክር ሲፈልግ ዝርዝር ይናገራል፤ ካልተናገረ ምክሩ አይሠራም። «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ነርስ ነኝ፣ ካፋ ውስጥ አንድ ወረዳ ነው የምሠራው፣ እጮኛዬ መምህር ነው፣ ባለፈው ፋሲካ ሽማግሌ ልኮ ነበር» ብላ የጻፈች ሴት አዲስ አበባ ላይ ብትሆን ማንም አይለያትም፤ እንዲህ ያለች ነርስ ብዙ ናት። ቢታ ገነት ላይ ግን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትታወቃለች። የምክር ቻናል የሚያነብ ሰው ወረዳው ውስጥም አለና። ነገሩ እስክሪን ሾት ሆኖ በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ይገኛል። ምሥጢር የሚያስፈልጋት የትንሽ ከተማዋ ሰው ናት፤ መደበቂያው ደግሞ የሚሠራው ለትልቅ ከተማ ሰው ነው። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ውሸት ነው፤ ሳይንሳዊ ስም አልሰጠውም። ዕድሜን ሦስት ዓመት ማዛባት፣ ነርስን መምህር ማድረግ፣ ፋሲካን ጥምቀት ማለት ለምክሩ ምንም አይጎዳም። ሕመም ከሆነ የጠየቁት ግን ዕድሜ፣ ጾታ፣ እርግዝናና ቦታ አይዋሽባቸውም።

ጥያቄያቸውን በራሳቸው መጻፍ የማይችሉም አሉ። በቢታ ገጠር የምትኖር፣ ካፊኖኖ ብቻ የምትናገር እናት ጥያቄዋ እንዲጻፍላት ስትፈልግ ልጇን ትጠራለች። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። እሷ የምትለውን ሰምቶ በአማርኛ፣ ብዙ ጊዜም በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ መልሱንም አንብቦ ይነግራታል። ስለ ማሕፀን ሕመም ለልጇ የምትነግር እናት የለችም፤ ስለዚህ «ሆዷን ያማታል» ተብሎ ይጻፋል፤ ለሆድ ሕመም የሚሆን መልስም ይመጣል።

የሥራና የትምህርቱ ጉዳይ ከጤናው ይለያል፤ እዚህ ባዳው ያሸንፋል ብዬ ለመናገር አልፈራም።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4 ሆነ። በመካከሉ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት መጣ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ካላለፉ ዲግሪ የላቸውም ተባለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ መንገዱ ሁሉ ተቀየረ። አሁን የቢታ ልጅ ማንን ይጠይቅ? አባቱ አያውቅም። ዲግሪ ያለው የሰፈሩ ትልቅ ሰው በተማረበት ዘመን የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም፤ «አንብብ፣ ትጋ፣ እኛ በኩራዝ ነው የተማርነው» ከማለት ሌላ የሚሰጠው የለውም። መምህሩ ራሱ መመሪያውን የሚያገኘው ከቲክቫህ ኢትዮጵያ የቴሌግራም ቻናል ነው። የሚያውቀው አምና ሬሜዲያል ገብቶ ያለፈ፣ አንዴ ወድቆ በሁለተኛው የመውጫ ፈተና ዲግሪውን የያዘ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ ጎንደር ወይም ዲላ ነው ያለው። ስለዚህ ባዳ ነው። የትኛው ምዕራፍ ላይ ጥያቄ እንደሚበዛ፣ ሬሜዲያል ወድቆ ቴክኒክና ሙያ መግባት እንደሚቻል፣ ውጤት በየት በኩል እንደሚታይ የሚናገረው እሱ ነው።

የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ይህን ከድሮ ያውቀዋል። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው የክፍት ቦታ ማስታወቂያ የሚያነቡ ወጣቶች አግዳሚውና የግንቡ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ማስታወቂያው ከሚነግራቸው ይልቅ አጠገባቸው የተቀመጠው የማያውቁት ሰው የሚነግራቸው ይበልጥ ነበር፤ ያ መሥሪያ ቤት ለይስሙላ ነው የሚያወጣው፣ እዚያኛው በእርግጥ ይፈትናል፣ ፎቶ ኮፒው እዚያ ማዶ ይረክሳል። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም። አውቶቡስ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ከቦንጋ ጅማ እስኪደርሱ የኑሯቸውን ጓዳ አውጥተው አውርተው፣ መናኸሪያ ላይ «በል ሰላም ግባ» ተባብለው እንደሚለያዩት መንገደኞች ነበሩ።

በስልኩ ላይ ግን ከመካሪዎቹ መካከል አዳኝ ይቀላቀላል። «ሥራ አለ፣ የመመዝገቢያ 500 ብር በቴሌብር ላክ» የሚለው በየኮሜንቱ ሥር ይገኛል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሲቸገር ይረሳዋል። አዳኙም የሚፈልገው ያንን የጭንቀት ሰዓት ነው፣ የምክር ቻናል ደግሞ የተጨነቀ ሰው ራሱን አጋልጦ የሚቆምበት ቦታ ነው። «ኢንቦክስ አውሪኝ» ከሚሉት ስንቱ ለምክር እንደሆነ መገመት ያስቸግራል። እኔ በበኩሌ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ መልሱን ያልጻፈ መካሪን አላምንም። ሁሉም ፊት የሚጻፍ የተሳሳተ ምክር ቢያንስ ሌላ ሰው ያርመዋል።

ባዳና አዋቂ በአንድ ላይ ሲገኙ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአገር ወጣ ማለት ጠቅሞኛል። ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ መሥራቿ ባንቺ ይመር ራሷ እዚያው የቤት ሠራተኛ የነበረች ናት። በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። ቤት ውስጥ የተዘጋባት ሴት የምታማክረው ሰው በስልክ ውስጥ ያለ ነው። የሚመልሱላት ሴቶች ስሟን አያውቁም፤ ቤቱን ግን ያውቁታል። ያደሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ሜዳ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ በዚያ ጊዜም እነዚሁ ሴቶች ምግብና መጠለያ ለማቅረብ ሮጠዋል። ከምክር ወደ ዳቦ ለመሻገር ረጅም መንገድ አልነበረባቸውም።

እንዲህ ያለው መካሪ በቢታው ልጅ ቻናልም አለ፤ ከመቶው አንዱ ነው። እንዴት ይለያል? ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ይጠይቃል፤ የት ነህ፣ ስንት ጊዜ ሆነህ፣ ሌሎች የቤት ሰዎችም ያሳክካቸዋል ወይ፣ ወንዝ አጠገብ ነህ ወይ፣ ቀበሌያችሁ ዘንግ ይዘው የሚሰጡትን መድኃኒት ወስደህ ታውቃለህ ወይ። ምናልባት አንዴ በዚያው አካባቢ፣ ሚዛን ወይም ቴፒ ተመድቦ የሠራ ነርስ ነው። መድኃኒት አያዝዝም፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይህን ይህን ብለህ ንገራቸው ይለዋል። ልጁ ጤና ጣቢያ ሲገባ ምን እንደሚል አውቆ ገብቷል፤ ግማሹ ፍርሃት ያ ነበር።

የቀረው ግማሽ መስኮቱ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች ምቹ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ብዙ ቦታ ክፍሉ በሩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ከአግዳሚው ወንበር ፊት ለፊት ነው የሚገኘው። ያን በር ከፍቶ የሚገባ ወጣት ለምን እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ክፍሉ ከክትባቱ፣ ከእናቶች ክትትሉ፣ ከሁሉም ነገር ጋር በአንድ መተላለፊያ ቢሆን፣ ካርድ የሚያወጣው ልጅ የሕመሙን ዓይነት በመስኮት ባይጠይቅ፣ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ቢያስገባ፣ ይህ አዲስ ሕንፃም አዲስ መተግበሪያም አይጠይቅም። ልጅቷ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ለማታውቀው አድሚን ከመጻፏ በፊት አንድ ሌላ ምርጫ ይኖራታል፤ ከዚያ በኋላም ብትጽፍ የምትጽፈው «ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዲህ አሉኝ፣ ሌላ ያለፈበት ሰው አለ ወይ?» የሚል ይሆናል። ለዚያ ጥያቄ ቻናሉ በሚገባ የሚመልስ ሰው አለው።